ተማሪ ሳሉ ወደ ምርምር መግባት፦ ከአማካሪ ፍለጋ እስከ ሥራ ርክክብ

ዩኒቨርሲቲ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሥራዎችን ያከናውናል፤ የታወቀውን ያስተምራል፣ ያልታወቀውን ይመረምራል። ሁለቱ ተጣምረው መሄድ አለባቸው የሚለው አስተሳሰብ ጎልቶ የወጣው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1810 በቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ውጥን በርሊን ላይ ከተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ወዲህ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይብዛም ይነስም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ሆኖም ብዙ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከሁለቱ የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው። ክፍል ይገባሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይመረቃሉ፤ ከመማሪያ ክፍላቸው በላይ ባለው ፎቅ ምን ሲጠና እንደነበረ ግን ሳያውቁ ግቢውን ለቀው ይወጣሉ። ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ምርምር በዋነኛነት የሚለመደው ከሚሠሩት ሰዎች ጎን ተቀምጦ ነውና። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ወደ አንድ የምርምር ቡድን ለመቀላቀል ለሚፈልጉ፣ ነገር ግን በየት በኩል እንደሚገባ ግራ ለገባቸው ተማሪዎች ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን ማወቅ

ርዕስ ከመምረጥ በፊት በትምህርት ክፍላችሁ ማን ምን እያጠና እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። የትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ ጥሩ መነሻ ቢሆንም የመምህራን ገጽ ብዙ ጊዜ ሳይታደስ ስለሚቆይ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። የመምህሩን ስም በጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ፈልጋችሁ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያሳተሟቸውን ጽሑፎች ርዕስ ብትመለከቱ ትኩረታቸው አሁን የት ላይ እንዳለ ይገባችኋል። የጸሐፊዎች ስም ቅደም ተከተልም የሚነግራችሁ ነገር አለ። በአብዛኞቹ የተፈጥሮና የሕክምና ሳይንስ ዘርፎች ሥራውን በዋናነት የሠራው ሰው ስም መጀመሪያ ላይ፣ የቡድኑ መሪ ስም ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ግን ስሞችን በፊደል ተራ መደርደር የተለመደ ስለሆነ ከቅደም ተከተሉ ብዙ መደምደም አይቻልም። በመጀመሪያ ቦታ ላይ የምታገኟቸው ስሞች አብዛኛውን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። በየቀኑ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የምትማሩት ከእነሱ ስለሆነ ስማቸውን መዝግባችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ሴሚናር መከታተል ጀምሩ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ቢመስልም በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማንም ተማሪ ገብቶ ማዳመጥ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚነገረው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ቢገባችሁ አትደንግጡ፤ ከሌላ ዘርፍ የመጡ መምህራንም ብዙው ያመልጣቸዋል። ከገለጻው ይልቅ ከገለጻው በኋላ ያሉት የጥያቄ ደቂቃዎች ይበልጥ ያስተምራሉ፤ የትኛው ማስረጃ እንዳሳመናቸው፣ የትኛው እንዳላሳመናቸው፣ ሰዎች እርስ በርስ ሳይቀያየሙ እንዴት እንደሚሟገቱ የሚታየው እዚያ ነው። ወደ ቤታችሁ ወይም ወደ ዶርማችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ሳይመለስ የቀረ አንድ ጥያቄ ጻፉ።

ብዙ ተማሪዎች የሚዘነጓቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ የላብ ቴክኒሻኑ ነው፤ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ኬሚካል ተራ እንደሚያስጠብቅ ከፕሮፌሰሩ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሌላዋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ናት። ለግማሽ ቀን ፈልጋችሁ ያጣችሁትን ጽሑፍ በደቂቃዎች ልታወጣላችሁ ከመቻሏም በላይ፣ የፍለጋ ቃላትን እንዴት ማጣመርና ማጥበብ እንደሚቻል ታሳያችኋለች። ከሁለቱም ጋር ችግር ሳይገጥማችሁ በፊት ተዋወቁ።

አንድ ጽሑፍ በሚገባ ማንበብ

መምህሩን ከማነጋገራችሁ በፊት ከሥራዎቻቸው ቢያንስ አንዱን አንብቡ። የምርምር ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በተርታ መነበብ የለበትም። አብዛኛው በመግቢያ፣ በዘዴ፣ በውጤትና በውይይት የተከፋፈለ በመሆኑ አንባቢው እንደፈለገው ሊዘዋወርበት ይችላል። በመጀመሪያው ዙር ርዕሱን፣ አጽሕሮተ ጽሑፉንና መደምደሚያውን አንብባችሁ፣ ሥዕሎቹንና ሰንጠረዦቹን ከነመግለጫቸው ተመልከቱ። በሁለተኛው ዙር መግቢያውንና ውይይቱን አንብቡ። የዘዴው ክፍል ከባድ ስለሆነ በመጨረሻ ቢነበብም፣ ጠቃሚው ጥያቄ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፤ ናሙናው ስንት ነበር፣ ከየት ተወሰደ፣ ምን ነገር ሳይለካ ቀረ። ካነበባችሁ በኋላ ጽሑፉን ዘግታችሁ ጸሐፊዎቹ ምን ጠየቁ፣ ምን አደረጉ፣ ምን አገኙ የሚለውን በራሳችሁ ቃል በአምስት መስመር ጻፉት። መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነውና ተመለሱበት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

መምህራን ከማያውቋቸው ተማሪዎች ብዙ ኢሜይል ይደርሳቸዋል፤ አብዛኛውም «በምርምርዎ በጣም ተስቤያለሁ» ከሚል አያልፍም። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለማንም ሊላክ የሚችል በመሆኑ መልስ የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው። መልስ የሚያገኘው አጭር፣ ለእሳቸው ብቻ የተጻፈ መሆኑ የሚያስታውቅና በግልጽ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ያለ፦

«የተከበሩ ዶክተር፣ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በሐይቅ አልጌዎች ላይ በቅርቡ ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ናሙናዎቹ የተወሰዱት በደረቅ ወራት ብቻ መሆኑን ስመለከት በዝናብ ወራት ውጤቱ ይለወጥ ይሆን የሚል ጥያቄ አደረብኝ። በቡድንዎ ውስጥ በሳምንት 6 ሰዓት ያህል ማገልገል እፈልጋለሁ። በማይክሮስኮፕ መሥራትና መረጃ በኤክሴል ማደራጀት እችላለሁ። በሚመችዎ ቀን ለ15 ደቂቃ ቢያነጋግሩኝ አመሰግናለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉም የሚልቀው ስለ ናሙናዎቹ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። ጥያቄው ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም መምህሩ ከዓመታት በፊት መልስ ሰጥተውበት ይሆናል። ያም ሆኖ ተማሪዋ ጽሑፉን አንብባ እንዳሰበችበት ያረጋግጣል። መልስ ካልመጣ አንድ ሳምንት ያህል ጠብቃችሁ በትሕትና አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላም ዝም ካሉ ወደ ሌላ መምህር እለፉ። ዝምታው ከእናንተ ይልቅ በሥራ መብዛት የመጣ መሆኑ አይቀርም።

ቀጠሮ ስታገኙ እናንተም ጠይቁ። የዕለት ተዕለት ሥራዬን የሚከታተለው ማን ነው? ቡድኑ በየስንት ጊዜው ይሰበሰባል? ከእኔ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ምን ሠሩ? ከተቻለም ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱን ብቻውን አግኝታችሁ ጠይቁት፤ አማካሪው የተጻፈ ነገር አንብበው በስንት ጊዜ እንደሚመልሱ፣ ስህተት ሲፈጠር ምን እንደሚሉ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ስመ ጥር ሆነው ጊዜ ከሌላቸው አማካሪ ይልቅ፣ ዝናቸው ያነሰ ቢሆንም በየሳምንቱ ቁጭ ብለው የሚያነጋግሩ አማካሪ ለጀማሪ እጅግ ይሻላሉ።

መዝገቡ

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሰጣችሁ ሥራ ብልቃጥ ማጠብ፣ ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ወይም ቁጥር ወደ ሰንጠረዥ ማስገባት ሊሆን ይችላል። አትናቁት። በዚህ ሥራ ላይ ሳላችሁ ግን ዕድሜ ልካችሁን የሚጠቅማችሁን አንድ ልማድ ያዙ፤ ይኸውም የምታደርጉትንና የምታዩትን ሁሉ በዚያው ሰዓት መመዝገብ ነው።

ገጾቹ የተሰፉና ቁጥር ያላቸው ደብተር ያዙ። በእስክሪብቶ ጻፉ፤ የተሳሳታችሁትን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አታጥፉት፣ ገጹንም አትቅደዱ። ቀኑን አስቀድሙ። ከታቀደው ይልቅ የሆነውን ጻፉ፦ «ሦስተኛው ብልቃጥ ከሌሎቹ 10 ደቂቃ ዘግይቶ ከማቀዝቀዣ ወጣ» የሚል መስመር በዕለቱ ከንቱ ይመስላል፤ ከአራት ወር በኋላ ሦስተኛው ውጤት ከሌሎቹ ሲያፈነግጥ ግን ምክንያቱን የሚያስረዳው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በታሪክ ወይም በማኅበረሰብ ሳይንስ የምትሠሩም እንዲሁ የመዝገብ ቤቱን የፋይል ቁጥርና የገጹን ቁጥር ሰነዱ እጃችሁ ላይ እያለ ጻፉ። በኮምፒውተር ላይ ያለው መረጃም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ፋይሎችን «የመጨረሻው» እና «የመጨረሻው አዲሱ» እያሉ ከመሰየም ይልቅ ዓመት፣ ወርና ቀን በማስቀደም ሰይሙ፤ ጥሬውን መረጃ ሳትነኩ አስቀምጡና በቅጂው ላይ ሥሩ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከሕንፃው ውጭ ይሁን የሚለው የባለሙያዎች ደንብ ለተማሪም ይሠራል።

የመዝገብን ዋጋ ከጆስሊን ቤል በርኔል ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1967 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች፣ በግንባታው የተሳተፈችበት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በየቀኑ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም የቀለም መስመር በወረቀት ላይ ያወጣ ነበር፤ ያንን ሁሉ በዓይኗ የምትመረምረው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ያልተለመደ ጭረት አየች። ሌላ ሰው እንደ ተራ የሬዲዮ ጣልቃ ገብነት ቆጥሮ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሷ ግን ተመሳሳይ ጭረት ከዚያው የሰማይ ክፍል ከዚህ ቀደም ማየቷን አስታወሰች፣ ወደ ቀደሙት ወረቀቶችም ተመልሳ አገኘችው። በፍጥነት በሚቀዳ መሣሪያ ሲታይ በየ1.3 ሴኮንዱ የሚደጋገም ምት ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የመጀመሪያው ፐልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ በየጊዜው የሬዲዮ ምት የሚልክ የኮከብ ዓይነት፣ ነበር። የቀደሙት ወረቀቶች በአግባቡ ባይቀመጡ ኖሮ ትውስታዋ ብቻውን ማንንም ባላሳመነ ነበር።

ፈቃድና ስም

ጥናታችሁ ሰዎችን የሚያሳትፍ ከሆነ፣ ተራ መጠይቅ እንኳ ቢሆን፣ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አጣሩ። ከተሰበሰበ በኋላ የሚገኝ ፈቃድ የለም፤ ሂደቱም ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከጊዜ ሰሌዳችሁ ውስጥ አስገቡት። ይህን እንደ ቢሮክራሲ የሚያዩ አሉ። ሕጉ የመጣው ግን ከሰው ሥቃይ ነው። በአሜሪካ ቱስኪጊ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በቆየው ጥናት፣ ቂጥኝ የያዛቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች በሽታው እንዴት እንደሚጸና ለማየት ሲባል፣ ፔኒሲሊን መድኃኒትነቱ ከታወቀ በኋላም ሳይታከሙ እንዲቆዩ ተደርገዋል። ያ መጋለጡን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሦስት መርሆችን አስቀመጠ፦ ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ። ለተሳታፊዎቻችሁ የምታነቡት የፈቃድ ቅጽ የዚህ ውጤት መሆኑን እያሰባችሁ፣ ተረጋግታችሁና በሚገባቸው ቋንቋ አንብቡላቸው።

የጸሐፊነት ጉዳይ ደግሞ ብዙ ቡድኖችን ያቃቃረ ነው። የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርቶችን ያስቀምጣል፤ በጥናቱ ንድፍ፣ መረጃ ወይም ትንተና ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። ጸሐፊ የሚባለው አራቱንም ያሟላ ሰው ነው፤ ሌሎች በምስጋና ክፍል ይጠቀሳሉ። ሥራው ገና ሲጀመር «ይህን ክፍል ከጨረስኩ በጽሑፉ ላይ ስሜ በምን መልክ ይገባል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር አይደለም። ጽሑፉ ተጠናቆ ሊላክ ሲል መጠየቅ ግን ለሁሉም ወገን ከባድ ይሆናል። የቤል በርኔልን ታሪክ እዚህም ላይ አስታውሱ፤ ለፐልሳር ግኝት እ.ኤ.አ. በ1974 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽ ሲሆን (ማርቲን ራይልም በሌላ ሥራ ተጋርተውታል)፣ የእሷ ስም አልነበረበትም። እሷ እ.ኤ.አ. በ2018 ያገኘችውን የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት በፊዚክስ ዘርፍ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ የማኅበረሰብ ክፍሎች ለሚመጡ የዶክትሬት ተማሪዎች እንዲውል ሰጥታለች።

በነገራችን ላይ፣ ጽሑፋችሁን በቀናት ውስጥ እናትማለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ኢሜይል ከማታውቁት ጆርናል ቢመጣላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ አሳዩ።

ከአማካሪ ጋር መኖር፣ ከዚያም መውጣት

ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ ምን እንደተወሰነና እስከ መቼ ምን እንደምትሠሩ የሚገልጽ ሦስት መስመር ኢሜይል ለአማካሪያችሁ ላኩ። ብዙ አለመግባባት የሚመጣው ሁለት ሰዎች አንዱን ውይይት ለየብቻ ስለሚያስታውሱት ነው። ሥራው ሲበላሽ አትደብቁ፤ ፈጥኖ የተነገረ ስህተት አንድ ሳምንት ያባክናል፣ ተደብቆ የቆየው ግን የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያበላሽ ይችላል። ግንኙነቱ ወደ ስድብ፣ ወደ ማስፈራራት ወይም ወደ ትንኮሳ ከተለወጠ ግን ከትዕግሥት ወሰን አልፏል። ቀኑንና የተባለውን መዝግባችሁ፣ የምታምኑትን ሌላ መምህር፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ወይም የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱን አነጋግሩ። ምርምር ስለማያውቁ ጓደኞቻችሁም አስቡ፤ ውጤት በሚጠፋባቸው ረጅም ሳምንታት ሌላ ወሬ የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል።

ቡድኑን የምትለቁበት ቀን ሲቃረብ መዝገባችሁ የቡድኑ ንብረት መሆኑን አትርሱ፤ ለራሳችሁ የምትወስዱት ቅጂ ካለ በአማካሪው ፈቃድ ይሁን። የፋይሎቹን ማውጫ፣ በሰንጠረዦቹ ውስጥ ያሉ ምሕጻረ ቃላትን ትርጉምና ሳይሳኩ የቀሩ ሙከራዎችን ዝርዝር በአንድ ገጽ አዘጋጁ። ከዚያም በእግራችሁ የሚተካውን ተማሪ አስቀምጣችሁ፣ አንዱን ሙከራ ከደብተራችሁ ብቻ እያነበበ እንዲሠራው ጠይቁት፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቆም ብሎ ጥያቄ በሚጠይቅበት ቦታ ሁሉ ከደብተሩ የጎደለ መስመር አለና፣ በዚያው ዕለት ጻፉት።