ኬሚካሉን «ጉዳት የለውም» ከማለታችን በፊት፦ በፍሳሽ ማጣሪያ ባክቴሪያዎች ላይ ስንፈትን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ ሆቴል ወይም ፋብሪካ አዲስ የማጽጃ ኬሚካል ሲያስገባ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ይህ ነገር በቧንቧ ወርዶ ፍሳሽ ማጣሪያ ሲደርስ፣ እዚያ ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ምን ያደርጋቸዋል? እነሱ ከሞቱ ማጣሪያው ባዶ ገንዳ ነው። ያልተጣራው ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከእኛ ከተማ የሚወርደው ውሃ ደግሞ በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የታወቀ ፈተና አለ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ያወጣው መመሪያ ነው፤ ኦኢሲዲ 209 ይባላል። መጀመሪያ የወጣው በ1984 ነው፣ በ2010 ደግሞ ተሻሽሏል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከማጣሪያ ጣቢያ የመጣ ዝቃጭ፣ ላብ ውስጥ ስላጅ የምንለውን፣ ምግብ እንሰጠዋለን። አየር እየነፋንለት ከኬሚካሉ ጋር 3 ሰዓት እናቆየዋለን። ከዚያ ኦክስጅን በምን ፍጥነት እንደሚጠቀም እንለካለን። ኬሚካል ካልነካው ዝቃጭ ጋር ስናነጻጽረው ትንፋሹ ምን ያህል እንደቀነሰ ይታወቃል። ትንፋሹን በግማሽ የሚቀንሰው የኬሚካል መጠን ኢሲ50 ይባላል።

ሐሳቡ ቀላል ይሁን እንጂ አሠራሩ ብዙ ቦታ ያሳስታል። እኔን የሚያሳስበኝ ስህተቶቹ አብዛኞቹ ወደ አንድ ጎን ማድላታቸው ነው። ኬሚካሉን ነፃ ያወጡታል። ስለዚህ «ምንም አላደረገም» የሚል ውጤት ስታገኙ ነው ይበልጥ መጠርጠር ያለባችሁ።

ከሴፕቲክ ታንክ ዝቃጭ መቅዳት

ጎንደር ላይ ብዙው ቤት ፍሳሹን የሚልከው ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ዝቃጭ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታሰበው የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ታንኩ ውስጥ ኦክስጅን የለም። እዚያ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን መኖር የለመዱ ናቸው። ፈተናው ደግሞ የሚለካው ኦክስጅን የሚተነፍሱትን ነው።

ይባስ ብሎ የታንክ ዝቃጭ ሊያታልል ይችላል። ውስጡ ሰልፋይድ አለ፤ ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሱ ነው የሚመጣው። ሰልፋይድ አየር ሲያገኝ ያለ ምንም ባክቴሪያ እርዳታ ኦክስጅን ይበላል። ኦክስጅን መለኪያው (ሜትሩ) ላይ ኦክስጅኑ ሲወርድ ታዩና ዝቃጩ ሕያው ነው ትላላችሁ። የምታዩት ግን ትንፋሽ ላይሆን ይችላል።

ትክክለኛው ዝቃጭ በአብዛኛው የቤት ፍሳሽ ከሚያጣራ፣ አየር ከሚነፋበት ጣቢያ፣ ከአየር ገንዳው መውጫ አካባቢ የተቀዳ ነው። በአቅራቢያ ከሌለ መመሪያው ላብ ውስጥ የተራባ ዝቃጭንም ይፈቅዳል። ፍሳሽ እየመገባችሁና አየር እየነፋችሁ ለሳምንታት ታቆዩታላችሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በተለይ ከታች የምነግራችሁ ናይትሪፋየሮች ቀስ ብለው ስለሚራቡ። ግን ከታንክ ከመቅዳት እጅግ ይሻላል።

ዝቃጩን ማስራብና ማፈን

ዝቃጭ በተቀዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሠራበት ጥሩ ነው። የሚያድር ከሆነ ምግቡ መቋረጥ የለበትም። ለአንድ ሊትር ዝቃጭ በቀን 50 ሚሊሊትር ሰው ሠራሽ ፍሳሽ ይጨመርለታል። እሱም ፔፕቶን፣ የሥጋ ጭማቂ፣ ዩሪያና ጥቂት ጨዎች የያዘ ድብልቅ ነው። ከምግቡ ጋር አየርም ያስፈልገዋል። መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ያሳስበኛል። ፓምፑ ሲቆም ዝቃጩ ያለውን ኦክስጅን በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ ጠዋት ስትመጡ የታፈነ ዝቃጭ ይጠብቃችኋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ውድ አይደለም። ከሌለ መብራት መጥፋቱንና ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉት።

የቧንቧ ውሃም ላይ ተጠንቀቁ። ክሎሪን ባክቴሪያ ለመግደል የተጨመረ ነገር ነው። በእሱ ዝቃጭ ካጠባችሁ ፈተናው ሳይጀመር ጉዳት አድርሳችኋል። ውሃውን ክፍት ዕቃ ውስጥ አየር እየነፋችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ ክሎሪኑ መውጣቱን በመለኪያ አረጋግጡ።

የተዳከመ ዝቃጭ ለምን ኬሚካሉን ነፃ እንደሚያወጣ ግልጽ ይመስለኛል። አስቀድሞ በደከመ ትንፋሽ ላይ ተጨማሪ ድካም በግልጽ አይታይም። ለዚህ ነው መመሪያው የታችኛ ወሰን ያስቀመጠው፦ ኬሚካል ያልነካው ዝቃጭ በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት በሰዓት ቢያንስ 20 ሚሊግራም ኦክስጅን መጠቀም አለበት። ተደጋጋሚ ኮንትሮሎቹም (ኬሚካል ያልነካው ዝቃጭ ያለባቸው የላብ ብርጭቆዎች፣ ማለትም ቢከሮች) እርስ በርስ የሚለያዩበት ልክ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህን ያላለፈ ፈተና ውጤት የለውም። «ትንሽ ነው የጎደለው» ማለት አይሠራም።

ከፍታችንን መርሳት

ይህን ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ የእኛን ከተማ በቀጥታ ይነካልና። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ቢበዛ 9.1 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ከአየር ይይዛል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 77 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ገደማ ነው።

በተለመደው አሠራር ትንፋሹ የሚሰላው ኦክስጅኑ ከ7 ሚሊግራም አካባቢ ወደ 2 ሲወርድ ባለው የግራፍ መስመር ላይ ነው። ጎንደር ላይ 7 ማለት ሙሌቱ፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ራሱ ነው። በሚተነፍስ ባክቴሪያ የተሞላ ቢከር ደግሞ ምንም ብትነፉለት ሙሌት አይደርስም። ቁጥሩን ለማሳደድ ፓምፑን እስከ መጨረሻው መክፈት መፍትሔ አይደለም፤ አረፋ ያስነሳል፣ ተናኝ ኬሚካል ያባርራል። እዚህ ከ5.5 ወይም ከ5 ተነስቶ መለካት ይቻላል። ዋናው ነገር መስመሩ ቀጥ ባለበት ክፍል ላይ መለካትና ከ2 በታች ያለውን መተው ነው። በ3ቱ ሰዓት ውስጥም ኦክስጅኑ ከሙሌቱ 60–70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይፈለጋል። ያ እዚህ ከ4.2 እስከ 4.9 ሚሊግራም ይመጣል።

ሌላው ካሊብሬሽን፣ ማለትም መለኪያውን ማስተካከል፣ ነው። ፕሮቡ (ውሃ ውስጥ የሚገባው የሜትሩ ጫፍ) አየር ላይ ሲስተካከል መሣሪያው የአየር ግፊት ይጠይቃል። 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ እንደተቀመጠ ከተተወ ንባቡ ሁሉ 30 በመቶ ገደማ ያብጣል። የእኛ ግፊት 590 አካባቢ ነው። ኮንትሮሉም ኬሚካል ያለበትም እኩል ስለሚያብጡ የመቶኛው ስሌት አይለወጥም። ለዚህ ነው ስህተቱ ሳይታይ የሚያልፈው። ጉዳቱ ያለው የማለፊያ ወሰኑ ላይ ነው። በእውነት 16 ሚሊግራም የሚተነፍስ የደከመ ዝቃጭ፣ 20ን አልፎ ጤነኛ ይመስላል። ሜትሩ ላይ 2 ስታዩም ቢከሩ ውስጥ ያለው 1.5 ገደማ ነው። እዚያ ላይ ባክቴሪያው የሚዘገየው በኬሚካሉ ይሁን በኦክስጅን እጥረት መለየት ያስቸግራል።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። የስልካችሁ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የሚያሳየው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል የተስተካከለ ነው። እሱን መሣሪያው ላይ አታስገቡ። የቦታውን ግፊት በባሮሜትር ለኩ፣ ወይም ሜትሩ ከፍታ የሚቀበል ከሆነ ከፍታውን ስጡት።

ሙቀቱስ? 20 ዲግሪ፣ ሁለት ወዲህ ወይም ወዲያ። የጎንደር አየር ለዚህ ደግ ነው። ግን በመጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ስለሚሞቅ ቢከሮቹን ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጧቸው።

ናይትሪፋየሮቹን ከብዙኃኑ ጋር መደባለቅ

ዝቃጭ ውስጥ ሁሉም ባክቴሪያ አንድ ሥራ አይሠራም። አብዛኞቹ የካርቦን ምግብ ይበላሉ። ጥቂቶቹ ግን አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ ናይትሪፋየሮች ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ቀስ ብለው ይራባሉ፣ ለመርዝ ደግሞ ከሌሎቹ ቶሎ ይሸነፋሉ። ጠቅላላውን ትንፋሽ ብቻ ከለካችሁ የእነሱ ሞት በብዙኃኑ ትንፋሽ ይሸፈናል።

በቁጥር እንየው። ኮንትሮሉ በሊትር በሰዓት 60 ሚሊግራም ኦክስጅን ይጠቀማል እንበል፤ ከዚያ ውስጥ 45ቱ የብዙኃኑ፣ 15ቱ የናይትሪፋየሮቹ ይሁን። አንድ ኬሚካል ናይትሪፋየሮቹን ሙሉ በሙሉ ቢያጠፋና ሌሎቹን ባይነካ፣ ጠቅላላው ትንፋሽ የሚቀንሰው በ25 በመቶ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ላይ «መጠነኛ ጉዳት፣ ኢሲ50 አልተደረሰበትም» ተብሎ ይጻፋል። ማጣሪያው ግን አሞኒያ ማስወገድ አቁሟል። አሞኒያው ተያይዞ ወንዝ ይወርዳል፤ ለዓሣ መርዝ ነው። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው የ2010ሩ መመሪያ ውስጥ አለ። ጎን ለጎን ሌላ ተርታ ቢከር አዘጋጁ። እዚያ ላይ አላይልታዮዩሪያ የሚባለውን የናይትሪፊኬሽን ማቆሚያ በሊትር 11.6 ሚሊግራም ጨምሩ። ይህ ተርታ የብዙኃኑን ትንፋሽ ብቻ ያሳያል። ከጠቅላላው ስትቀንሱት የናይትሪፋየሮቹ ድርሻ ይቀራል። ቢከሩ በእጥፍ ይጨምራል፣ ሥራውም እንደዚያው። ለእኔ ግን ለመዝለል በቂ ምክንያት አይደለም።

የአሲዱን ጥፋት በኬሚካሉ ላይ መጫን

ይህኛው ስህተት በተቃራኒው ነው፤ ያልበደለን ይከሳል። ኬሚካሉ በጣም አሲዳማ ወይም አልካላይን ከሆነ ባክቴሪያውን የሚገድለው ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) ሊሆን ይችላል። ዝቃጩ ከመጨመሩ በፊት በውሃ የተበረዘውን ኬሚካል ፒኤች ወደ 7.5 አካባቢ አስተካክሉ፣ ቢበዛ ግማሽ ነጥብ ወዲያ ወይም ወዲህ።

ኬሚካሉ ራሱ ኦክስጅን ሲበላ

አንዳንድ ኬሚካሎች፣ ለምሳሌ ሰልፋይት ያለባቸው፣ ውሃ ውስጥ ካለ ኦክስጅን ጋር በቀጥታ ይዋሃዳሉ። ሜትሩ ይህን ከትንፋሽ አይለይም። ባክቴሪያዎቹ ደክመው ሳለ ኬሚካሉ የበላው ኦክስጅን ድካማቸውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ዝቃጭ የሌለበት፣ ኬሚካሉ ብቻ ያለበት ቢከር ያስፈልጋል። እዚያ የተገኘው ፍጥነት ከዋናው ላይ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን ሰው ይዘለዋል። ዜሮ መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ግን ተለክቶ ነው።

የተነነውንና ያልሟሟውን እንዳለ መቁጠር

ተናኝ ኬሚካል ላይ 3 ሰዓት አየር ስትነፉ ግማሹ ክፍሉ ውስጥ ሊበተን ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ግን የጨመራችሁት መጠን ይጻፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ የ30 ደቂቃ ፈተና ጨምራችሁ ሥሩ። ከተቻለም በመጨረሻ ቢከሩ ውስጥ የቀረውን ለኩ። የማይሟሟውን ደግሞ መዝናችሁ በቀጥታ ቢከሩ ውስጥ ጨምሩ፣ በደንብም ይማሰል። ለማሟሟት ብላችሁ አልኮል ወይም አሴቶን አታስገቡ። ባክቴሪያ እነዚህን ይበላቸዋልና ትንፋሹን ከፍ ያደርጉታል።

ሁሉንም ቢከር በአንድ ጊዜ መጀመር

ፕሮባችሁ አንድ ከሆነና ቢከሮቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ሰዓት አትጀምሩ። የመጨረሻው ተራው እስኪደርሰው ተጨማሪ ሰዓት ይቆያል። ዝቃጩን በየ15 ደቂቃው አንድ ቢከር ላይ እየጨመራችሁ ሂዱ። ሁሉም ልክ በ3ኛው ሰዓት ይለካል።

ማመሳከሪያውን መዝለል

3,5-ዳይክሎሮፌኖል የታወቀ መርዝ ነው። ከእናንተ ኬሚካል ጋር አብሮ የሚፈተነው ዝቃጩ መርዝ ሲነካው መልስ መስጠቱን ለማወቅ ነው። በጠቅላላ ትንፋሽ ላይ ኢሲ50ው በሊትር ከ2 እስከ 25 ሚሊግራም መሆን አለበት፤ ለብዙኃኑ ብቻ ከ5 እስከ 40፣ ለናይትሪፊኬሽን ከ0.1 እስከ 10። ከዚህ ካለፈ ዝቃጩ መርዙን አልተሰማውም ማለት ነው። የእናንተን ኬሚካልም አይሰማውም። ኬሚካሉ ውድ ስለሆነና ማስመጣቱ ስለሚያስቸግር ቢዘለል አይገርመኝም፤ የተዘለለበትን ሪፖርት ግን እኔ አልቀበልም።

ትርፉን ሲንክ ላይ መድፋት

ሥራው ካለቀ በኋላ ቢከሮቹ ውስጥ የቀረው ዳይክሎሮፌኖልና የተፈተነው ኬሚካል አሉ። የላቡ ሲንክ ቧንቧ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ቦይ ነው የሚገባው። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሙት፣ የኬሚካሉን ስም፣ መጠንና ቀን ጻፉበት፣ ለአደገኛ ቆሻሻ ኃላፊው አስረክቡ። ዝቃጩንም አብራችሁ፤ ኬሚካሉ እሱ ላይ ተጣብቋልና ተለይቶ አይደፋም።