የቤዝቦል ፕሌይኦፍን ከቱሉ ዲምቱ ለመከታተል

ፕሌይኦፉ (የአሜሪካ ቤዝቦል ሻምፒዮን የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) የሚደምቀው በጥቅምት፣ የኛ ሰፈር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን ነው። ኒውዮርክ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ ለኛ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በጊዜ ተኙ። መብራት ሳይጠፋ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። ጋቢ አጠገባችሁ ይሁን።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ጠዋት ታክሲ ውስጥ በቅንጭቡ ማየት ይቻላል። የመጨረሻውን የዋንጫ ፍልሚያ፣ ዎርልድ ሲሪስን ግን በቀጥታ እዩ።

ዓይናችሁን ከኳስ ወርዋሪው፣ ከፒቸሩ አትንቀሉ። እሱ ሲደክም ጨዋታው ይገለበጣል። ደግሞ የቤዝቦል ጨዋታ የሚያበቃበት ሰዓት የለውም፤ የመጨረሻው አውት (የመቺው ከጨዋታ መውጣት፤ በሦስት አውት የቡድኑ ተራ ያበቃል) እስኪያዝ ማንም አልተሸነፈም። እ.ኤ.አ. በ2024 የዎርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በ10ኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ክፍል፤ መደበኛው 9 ነው) 3 ለ 2 እየተመራ፣ ሁለት አውት ተይዞበት ነበር። የዶጀርሱ ፍሬዲ ፍሪማን በአንድ ምት አራት ነጥብ አስገባ። 6 ለ 3! እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ልቤ ይመታል። ስለዚህ ቡድናችሁ እየመራ ቢሆንም እንኳ በ8ኛው ኢኒንግ አትተኙ።