ጎጃም ውስጥ መንገድ ዳር ከተማ ላይ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ

ከደጀን ተነስታችሁ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር (እንጅባራ)፣ ዳንግላ እያላችሁ ባህር ዳር ድረስ ሁሉም አስፋልት ላይ ናቸው፣ ስለዚህ አስፋልት አላት ብላችሁ ብቻ እንዳትወስኑ። መጀመሪያ መገንጠያ እንዳላት እዩ። ቡሬን ውሰዱ፣ አንዱ መንገድ ወደ ባህር ዳር ይሄዳል አንዱ አባይን ተሻግሮ ነቀምቴ ይወጣል፣ ኮሶበርም ወደ ቻግኒ ትገነጠላለች፣ መገንጠያ ካለ ሰው ወርዶ መኪና ይቀይራል፣ ምግብ ቤቱም አልጋውም ጎሚስታውም የሚኖረው በዚህ ነው።

ደግሞ በገበያ ቀን አትሂዱ፣ በገበያ ቀን ያላደገች ከተማ የለችም 😄 አዘቦት ቀን ሂዱና መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምታፈላዋን "እታለም፣ እዚህ ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል?" በሏት፣ ደላላው ይሄን አይነግራችሁም።

ለሱቅ ከሆነ አስፋልት ፊት ያዙ። ለመኖሪያ ግን ገባ በሉ፣ ሲኖትራክ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል።

ከተማው ጫፍ ላይ ያለ የጨረቃ ቤት (የገበሬ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የተሰራ) በርካሽነቱ እንዳይሸውዳችሁ፣ የገበሬ መሬት በህግ አይሸጥም። የምትገዙትን ቤት ካርታ ማዘጋጃ ቤት ወስዳችሁ እዳና እገዳ እንደሌለው ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ።