ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ሲለሰልስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። የአስፋልትና ኮረኮንች ሞተር ሳይክል በአብዛኛው የፊት ዲስኩ (ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት) አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን ይዛችሁ ከወረዳችሁ ቶሎ ይግላል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ካረጀ ቶሎ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ የፍሬን እጀታው መሪው ድረስ ይገባል። የፍሬን ሸራው አዲስ ቢሆንም አያድናችሁም!

ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ቀይሩ። ብዙዎቹ ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ዓይነት ይወስዳሉ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ። የነዳጅ ታንከር ላይ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል፤ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

ስትወርዱ በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ ሞተሩ ፍጥነቱን ይያዝላችሁ፤ ፍሬኑን ጫን፣ ለቀቅ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ ሞኝነት ነው። እጀታው ከለሰለሰ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ የጋለ ዲስክ ላይ ግን ውሃ አትድፉ፣ ሊጣመም ይችላል።