ከ2,700 የደም ሴሎች ውስጥ ቲ ሴልን በላፕቶፕ እንዴት እንለያለን?

በሽታን የሚከላከሉት የደም ሴሎች ቲ ሴልና ቢ ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። የሚለያቸው በውስጣቸው ሥራ ላይ ያሉት ጂኖች ናቸው። ይህን ለማየት ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትንሽ የፓይተን እውቀት ይበቃል።

ቴንኤክስ ጂኖሚክስ የተባለው ኩባንያ ከአንድ ጤነኛ ሰው ደም የተገኘ የ2,700 ሴሎች ዳታ በነፃ ለቋል። ፓይተንን በብሮውዘር የሚያስኬደውን ጎግል ኮላብን ክፈቱና ስካንፓይ የተባለውን የሴል ዳታ መተንተኛ የፓይተን ጥቅል ጫኑ፤ ዳታውን በአንድ መስመር ኮድ ያወርድላችኋል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሴል፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ጂን ነው፤ ቁጥሩ በሴሉ ውስጥ ከዚያ ጂን የተቀዳ ስንት አርኤንኤ (የጂን ቅጂ) እንደተገኘ ይናገራል። አብዛኛው ቁጥር ዜሮ ነው፤ አትደንግጡ።

መጀመሪያ ማጽዳት። ከ200 ያነሱ ጂኖች የታዩባቸውን ሴሎች አውጡ። ከ2,500 በላይ የታየበት ደግሞ ሁለት ሴል አብሮ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል እሱም ይውጣ። ቀጥሎ የማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ጂኖችን ድርሻ እዩ። የሴሉ ሽፋን ሲቀደድ ሌላው አርኤንኤ ይፈስሳል፣ የማይቶኮንድሪያው ግን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ድርሻው ከ5 በመቶ ካለፈ ሴሉ እየሞተ ነበር ብላችሁ ጠርጥሩ። ይህን ቁጥር ለሌላ ዳታ እንዳለ አትገልብጡት፤ የልብ ሴል ጤነኛ ሆኖም ማይቶኮንድሪያው ብዙ ነው።

ከዚያ የእያንዳንዱን ሴል ድምር ወደ 10,000 አምጡና ሎጋሪዝም ውሰዱ። በጣም የሚለያዩትን 2,000 ያህል ጂኖች ምረጡ። ዳታውን የሚያጠብበው ፒሲኤ፣ የሚመሳሰሉ ሴሎችን የሚቧድነው ሌይደንና በሥዕል የሚያሳየው ዩማፕ ጥቂት መስመር ኮድ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ደሴት የመሰሉ የነጥብ ክምሮች ይወጣሉ፤ አንድ ነጥብ አንድ ሴል ነው።

ዋናው ሥራ አሁን ነው የሚጀምረው። ኮምፒውተሩ ክምሮቹን 0፣ 1፣ 2 ይላቸዋል እንጂ ማንነታቸውን አያውቅም። ሥዕሉን በሲዲ3ዲ ጂን አቅልሙት፤ የሚደምቀው ቲ ሴል ነው። ኤምኤስ4ኤ1 የተባለው ጂን ቢ ሴልን፣ ሲዲ14 ደግሞ ሞኖሳይት የተባለውን ሌላ ነጭ የደም ሴል ያሳያል። ኤንኬጂ7 ግን ያሳስታል፤ የታመሙ ሴሎችን በሚገድለው ኤንኬ ሴልም፣ ሲዲ8 በተባለው የቲ ሴል ዓይነትም ይደምቃል። ሲዲ3ዲ አብሮት ከሌለ ኤንኬ በሉት። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ክምር ቆሻሻ ናት ብላችሁ እንዳትጥሏት። ፒፒቢፒ የተባለው ጂን ከደመቀባት ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ናት።

ወደ በሽታ ስትሻገሩ የጤነኞችና የታማሚዎች ዳታ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ኤችአይቪ ከሆነ ቫይረሱ የሚያጠቃው ሲዲ4 የተባለውን የቲ ሴል ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ የዚያን ክምር ድርሻ እዩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአንድ ታማሚ 5,000 ሴል ብታገኙም በእጃችሁ ያለው አንድ ሰው ነው። የየሰዉን ሴሎች የጂን ቁጥሮች በየሴል ዓይነቱ ደምሩና ሰውን ከሰው ጋር አወዳድሩ።