ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገንን እቤት እንዴት ዝቅ እናደርጋለን?

ይህ ሣጥን መሳይ፣ ከኋላ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው መኪና መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ግን እስካሁን ወዳጁ ብዙ ነው። እውነትም ለጀማሪ ይመቻል፤ ከሥር ያለው ሁሉ ይታያል፣ እጅ ይገባል።

ዝቅ ማድረግ ስል አጭር ሞላ ገጥሞ መኪናውን ወደ መሬት ማቅረብ ነው፤ ልኩም አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ የበለጠ ዝቅ ካለ ከኋላ ዕቃ በጫናችሁ ቁጥር መኪናው ከሥሩ ሲጋጭ ትሰማላችሁ። አዲስ አበባ ላላችሁማ፣ ያ ሁሉ ጉብታ እያለ ባትነኩት ይሻላል።

ሞላውን በግራይንደር ቆርጬ ልገላገል የሚል አይጠፋም። በእሳት አሙቆ የሚያስተኛም አለ። ሁለቱንም ተዉት። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ጎማው ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የሞቀው ደግሞ ጥንካሬው ሄዷል። ለዋገን የተሠራ አጭር ሞላ ግዙ፤ የኋላው ጭነት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የሴዳኑ አይተካውም። አሞርዛተሩም (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) ካረጀ አብራችሁ ቀይሩት።

ከኋላ ጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። የፊት ጎማዎችን በታኮ ያዙ፣ መኪናውን አንሱ፣ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ አሳርፉ። ክሪክ ብቻ አምኖ ከሥር መግባት የለም። አክስሉን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን) በክሪክ ደግፋችሁ የአሞርዛተሩን የታች ብሎንና የሞላውን ማሰሪያዎች ፍቱ፣ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ እንዳይወጠር ዓይናችሁ እዚያው ይሁን። ሞላው ይላላል፣ በእጅ ይወጣል።

ፊት ለፊት ያለው ግን ሌላ ነው። ሞላው አሞርዛተሩ ላይ ታፍኖ ተቀምጧል፣ ያፈነው ደግሞ ላይ መሃል ያለው አንድ ዳዶ ነው። እሱን መጀመሪያ የፈታ ሰው ሞላው ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ ሁለት የሞላ መጭመቂያ ትይዩ አድርጋችሁ በዚያው ሞላ ግራና ቀኝ እሰሩ፤ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ሌላውን ጥቂት ዙር፣ እንደዚያ እያፈራረቃችሁ። አንዱን ብቻ ካጠበቃችሁ ሞላው ይጣመማል፣ መጭመቂያውም ይንሸራተታል። ሞላው መቀመጫው ላይ መላወስ ሲጀምር ብቻ ነው ያ ዳዶ የሚፈታው፣ ያኔም ጭንቅላታችሁን ከላዩ አርቁ። ርካሽ መጭመቂያ እኔ አልነካም፤ ጥሩውን አንዳንድ የመለዋወጫ ሱቅ በማስያዣ ያውሳል። ካልደፈራችሁ አሞርዛተሩን ከነሞላው አውጥታችሁ ጋራዥ ውሰዱት፣ አያሳፍርም። ከማውጣታችሁ በፊት ግን ኮፈኑ ሥር ያለው የላይኛው ማሰሪያ የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ጎሚኒ (በብረቶች መካከል የሚገባ ላስቲክ) ያለባቸውን ብሎኖች ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ አታጥብቁ። ላስቲኩ በዚያ አቋም ተይዞ ይቀራል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። በእጅ ብቻ አስገቡ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ጨርሱ።

ቸርኬ ስትገዙ አምስት ብሎን በ108 (ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር) ይሁን፣ ኦፍሴቱም (ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከመሃሉ ያለው ርቀት) ወደ 20 ሚሊ ሜትር የተጠጋ። የቮልቮ 850 ቸርኬ ብሎኑ ልክ ይገባል፣ ኦፍሴቱ ግን 40 ስለሚያልፍ ያለ ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ብረት) ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የጎማውን ቁመትም አትርሱ፦ 205/50 በ16 ከ185/70 በ14 ጋር የሚለያየው በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ፍጥነት መለኪያው ብዙም አይዋሽም። ጎማው የሚችለውን ክብደት አንብቡ፣ ዋገን ነው።

መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ፓራፋንጎ የሚነካ ነገር እንዳለ እዩ። የኋላው አክስል ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በግራና በቀኝ ለኩት፣ ልዩነቱ ከበዛ አክስሉን ከጎን የሚይዝ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ይገዛለታል። ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ወደሚያስተካክል ጋራዥ)፤ ሳይስተካከል ከተነዳ አዲሱ ጎማ በውስጥ በኩል ይበላል። የፊት መብራቱንም እዚያው አስተካክሉ፣ የጎማ ዳዶዎቹን ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ።