የሞተር ጀልባ ባትሪ እንዳይወርድ፦ ለአዲስ ባለጀልባ

ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ሥራ የሚጀምር ሰው ባትሪውን የሚጨርሰው ሞተር ማስነሳቱ ይመስለዋል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) 120 አምፔር ቢስብ እንኳ የሚስበው ለ3 ሰከንድ ያህል ነው፤ ሲሰላ 0.1 አምፔር ሰዓት (አምፔሩ በሰዓቱ ተባዝቶ) ብቻ። ባትሪው የሚያልቀው ጀልባው ቆሞ እንግዳ ሲጠብቅ ነው።

እንግዶቹ ዘጌ ወርደው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው እስኪመለሱ 3 ሰዓት ፈጀባቸው እንበል። ቴፑ 2 አምፔር፣ የስልክ ቻርጀሮቹ 2 አምፔር ከወሰዱ 12 አምፔር ሰዓት ወጣ። ባትሪውን የሚሞላው የአነስተኛ ሞተር ዲናሞ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት 6 አምፔር ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ቀስ ሲሉ ከዚያም ይወርዳል። በጉዞ ላይም ቴፑና ቻርጀሮቹ 4ቱን ስለሚወስዱ ለባትሪው የሚተርፈው 2 ነው። ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ከሆነ 12 ወጥቶ 4 ተመለሰ፣ በቀን 8 ጎደለ ማለት ነው። በዚህ አካሄድ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ4 ቀን ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ሞተሩ ይሞላዋል ብሎ መተማመን አያዋጣም።

የመጀመሪያ ዕቃዎ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይሁን። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳና ምንም ሳይበራ ይለኩ፤ ከቻርጅ በኋላ ወዲያው የተለካ ቁጥር ያታልላል። 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ። ከ12.4 በታች ካነበበ የዚያኑ ዕለት ማታ ይሙሉት። ጎድሎ የሚያድር ባትሪ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች (ፕሌቶች) ላይ ሰልፌት ይጠነክርበትና ከዚያ በኋላ ቢሞሉትም የድሮውን ያህል አይይዝም።

ቀጥሎ ሞተሩ መሙላቱን ይፈትሹ። ነዳጅ ሰጥተው ሲለኩ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ቁጥሩ ካልጨመረ ፊውዙን፣ የላሉ ገመዶችን፣ ከዚያ ሬጉሌተሩን (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ይመልከቱ። 15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እያፈላ ውሃውን ይጨርሳል። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ በፍጹም አይንቀሉ፤ ድንገት የሚዘለው ቮልት ሬጉሌተሩን ያቃጥላል።

የብስ ላይ ሲሞሉ የቻርጀሩ አምፔር ከባትሪው አንድ አሥረኛ አካባቢ ይሁን፤ ለ60 አምፔር ሰዓት 6 አምፔር። ግማሹ ያለቀ ባትሪ በዚህ ሌሊቱን ይሞላል። ቻርጅ ቤት ወስደው «ቶሎ ይድረስልኝ» ካሉ በከፍተኛ አምፔር ያፈሉልዎታል፤ የቆጠቡት ጊዜ በባትሪው ዕድሜ ይከፈላል። ቻርጀር ሲገዙ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ያለ ሰው የሚቀጥል መሆኑን ይጠይቁ። አንዳንዶቹ መብራት ከተመለሰ በኋላ ቁልፍ ካልተጫኑላቸው አይነሱም፤ ጠዋት ባዶ ባትሪ ያስረክቡዎታል።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ በወር አንዴ ይክፈቱት። ውሃው ፕሌቶቹን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መሸፈን አለበት። የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው፤ የሐይቅም የቧንቧም ውሃ አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም። የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና አሲድ ከተጨመረ ፕሌቱን ይበላዋል። ውሃ የሚሞላው ከቻርጅ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከሞሉት ሲሞቅ ሰፍቶ ይፈሳል። ፕሌቱ ከውሃ በላይ ከታየ ግን መጀመሪያ ለመሸፈን ያህል ብቻ ይጨምሩ። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን የሚፈነዳ ጋዝ ስለሆነ ሣጥኑን ክፍት ያድርጉ፤ ሲጋራና የእሳት ብልጭታ ይራቅ። መነጽርም ያድርጉ።

ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ገመዱን ነቅለው፣ ክዳኖቹን ዘግተው፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት። አድርቀው፣ አጥብቀው አስረው ቫዝሊን ይቀቡ። ሲነቅሉ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ሲያስሩ መጀመሪያ ፖዘቲቩን። በእጅ የሚጠብቅ ቡሎን በማዕበል ንቅናቄ ይላላል፤ በቁልፍ የሚታሰር ይሻላል።

ክረምት ላይ ጀልባው ሥራ ከፈታ ኔጌቲቩን ይንቀሉ፣ በየወሩም ይሙሉት። የውሃ ማውጫ ፓምፕ ካለ ግን ዝናቡ ጀልባውን እንዳይሞላው ፓምፑ መሥራት አለበት። እዚህ ጋ ከ20 እስከ 50 ዋት የሆነ ሶላር ከነመቆጣጠሪያው ገንዘቡን ይመልሳል።

ሙሉ ሆኖ 12.6 የሚያነብ ባትሪ ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ አርጅቷልና ይቀይሩት። እስኪቀይሩት የሞተሩን የእጅ መሳቢያ ገመድ ከጀልባው አይለዩ።